ዐረፍተ ነገርን እንደ ሒሳብ ያሰሉት ሊቅ
የፕሮፌሰር የሆሹዓ ባር-ሂሌል አጭር የሕይወት ታሪክ

በቅርቡ ወደ አገር የገባችሁ ቤተሰቦች እንደተረዳችሁት፣ እዚህ አገር ብዙው ጉዳይ የሚያልቀው በደብዳቤ ነው። ከኩፓት ሆሊም፣ ከትምህርት ቤት፣ ከባንክ፣ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ይመጣል። ቀደም ብለን የገባነው ሰዎች ዕብራይስጥ የሚያነብ ጐረቤት ፈልገን፣ ቡና አፍልተን፣ ደብዳቤውን እናስነብብ ነበር። ዛሬ ግን በየሰው እጅ ስልክ አለ። ስልኩን ወደ ደብዳቤው አዙሮ ፎቶ ማንሣት ነው፤ ዕብራይስጡ ወዲያው አማርኛ ሆኖ ይወጣል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ስልኩ ያነበበውን ነገር አውቆታል ማለት አይደለም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ ኤይን ሀትኽሌት አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ደብዳቤ ይዛ ወደ ማኅበራችን መጣች። ታናሽ ወንድሟ ከአንድ ሆስፒታል የተጠራበት ወረቀት ነበር። እናትየዋ በስልካቸው አስተርጉመው ልጁ ለ«ትንተና» መጠራቱን አነበቡ። የደም ምርመራ ውጤት የሚታይ መስሏቸው፣ ቁርሱን አብልተው ከእኅቱ ጋር ሊልኩት አስበው ነበር። በዕብራይስጡ የተጻፈው ቃል ግን «ኒቱአኽ» ነው። ይህ ቃል ሁለት ትርጕም አለው፤ አንደኛው ትንተና፣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ልጁ የተጠራው ለቶንሲል ቀዶ ሕክምና ነበር። ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ምግብ እንዳይቀምስ የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ በጀርባው ገጽ ላይ ቢኖርም፣ ጀርባውን ማንም ፎቶ አላነሣውም። ደግነቱ ልጅቱ የመጣችው ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ስለነበር ነገሩ በጊዜ ተስተካከለ።

የዚያን ዕለት ማታ ትዝ ያሉኝ ሰው ፕሮፌሰር የሆሹዓ ባር-ሂሌል ናቸው። ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለሁ፣ በቋንቋ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነበር። እኒህ ሊቅ በዓለም ላይ ኮምፒዩተር በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ መሣሪያ የሰውን ንግግር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሊያዞር ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ እንዲያጠኑ ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተው የተቀጠሩ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። መልሳቸውም በስልካችን ለምንታመን ለእኛ ዛሬም ይጠቅማል። ስለዚህ በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ወደ አገር መግባት

ባር-ሂሌል መስከረም 8 ቀን 1915 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ኦስካር ቬስትራይኽ ነበር። ያደጉት ግን በጀርመን አገር በበርሊን ነው። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ በጀርመን ይኖሩ ለነበሩ አይሁዶች ጊዜው ጨለመ። በዚያው ዓመት፣ ገና 18 ዓመት ገደማ ሳሉ፣ ከብኔይ አኪቫ የወጣቶች ማኅበር ጋር ወደ እስራኤል ምድር መጡ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር ነበረች። ለጥቂት ጊዜ በቤት ሸአን ሸለቆ በሚገኘው በቲራት ጽቪ ኪቡጽ ኖረው፣ ከዚያ በኋላ ኑሯቸውን በኢየሩሳሌም መሠረቱ። ስማቸውንም ለውጠው ባር-ሂሌል ተባሉ።

እንግዲህ እሳቸውም እንደ እኛ አዲስ ገቢ ነበሩ ማለት ነው። በልጅነታቸው የተማሩበት ቋንቋ ጀርመንኛ ሲሆን፣ የዩኒቨርስቲ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርስቲ ነው። ብዙዎቹን የምርምር ሥራዎቻቸውን የጻፉት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። አንድን ሐሳብ በሦስት ቋንቋ የሚያገላብጥ ሰው፣ በቋንቋዎች መካከል ምን እንደሚለወጥና ምን ሳይለወጥ እንደሚቀር ለማየት የተመቸ ቦታ ላይ ይቆማል።

በዩኒቨርስቲው ፍልስፍና ሲያጠኑ፣ ሒሳብን የተማሩት ከታዋቂው የሒሳብ ሊቅ ከአብርሃም ፍሬንክል ነው። በኋላም ሁለቱ ተባብረው ስለ ሒሳብ መሠረቶች አንድ መጽሐፍ በ1958 አሳትመዋል። ባር-ሂሌልን ከሁሉ በላይ የሳቧቸው ግን የፈላስፋው የሩዶልፍ ካርናፕ ሥራዎች ነበሩ። ካርናፕ የቋንቋን ሕግ እንደ ሒሳብ ሕግ በምልክት መጻፍ እንደሚቻል ያስተምሩ ነበር።

ትምህርቱ ግን ያለ እንቅፋት አልሄደም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባር-ሂሌል በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በተቋቋመው የአይሁድ ብርጌድ አገለገሉ። በ1948 የነጻነት ጦርነት ጊዜም በሀጋና ተሰልፈው ሲዋጉ አንድ ዐይናቸውን አጡ። ይህም ከመጽሐፍ አላራቃቸውም፤ በአንድ ዐይናቸው እያነበቡ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ያዙ።

ወደ አሜሪካ

በሐምሌ ወር 1949 ዋረን ዊቨር የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ለሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ ማስታወሻ ጽፈው አሠራጩ። በጦርነቱ ጊዜ የጠላትን ምስጢራዊ ጽሑፍ በመሣሪያ መፍታት ከተቻለ፣ የውጭ አገር ቋንቋንም እንደዚያው መፍታት አይቻልም ወይ የሚል ሐሳብ ነበረበት። ይህ ሐሳብ ብዙዎችን አነሣሣ። በ1951 በቦስተን አጠገብ የሚገኘው ኤም አይ ቲ የተባለው ታላቅ የቴክኖሎጂ ተቋም ጉዳዩን የሚያጠና ሰው ሲፈልግ ባር-ሂሌልን ቀጠረ። የ35 ዓመት ሰው ነበሩ። በዚያን ጊዜ በእስራኤል አንድም ኮምፒዩተር አልነበረም። የመጀመሪያው፣ ቫይዛክ የተባለው፣ በሬሆቮት በሚገኘው በቫይዝማን ተቋም ሥራ የጀመረው በ1955 ነው።

ባር-ሂሌል በየቦታው እየዞሩ በዚህ ሥራ የተሰማሩትን ጥቂት ሰዎች አነጋገሩ። በሰኔ ወር 1952 ስለ መሣሪያ ትርጕም የተደረገውን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ስብሰባ እዚያው ኤም አይ ቲ አዘጋጁ። የተገኙት ሃያ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚጠቀምበት ሥራ ከዚያች ትንሽ ስብሰባ ጋር የተያያዘ ነው።

ዐረፍተ ነገር እንደ ክፍልፋይ

በ1953 ባር-ሂሌል እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሣበትን ጽሑፍ አወጡ። የዐረፍተ ነገርን ሰዋስው በክፍልፋይ ሒሳብ አምሳል ማስላት እንደሚቻል የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። መነሻው የፖላንዱ ሊቅ የአይዱኪየቪች በ1935 የወጣ ሥራ ነበር። ነገሩ ከባድ ቢመስልም፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከሚማሩት ሒሳብ የራቀ ስላልሆነ በራሳችን ምሳሌ እንየው።

ሦስት አምስተኛን በአምስት ብናባዛ፣ የታችኛው አምስት ከአምስቱ ጋር ይጣፋና ሦስት ይቀራል። ቃላትም እንዲሁ ናቸው። «ልጁ» እና «ዳቦ» የሚሉት ቃላት እንደ ሙሉ ቁጥር ራሳቸውን የቻሉ ስሞች ናቸው። «በላ» የሚለው ግሥ ግን ጐዶሎ አለበት። አንድ ሰው መጥቶ በላ ብሎ ዝም ቢል፣ ማን በላ? ምን በላ? ብለን እንጠይቀዋለን። ስለዚህ «በላ» ከሥሩ ሁለት ስሞችን የሚፈልግ ክፍልፋይ ነው። «ልጁ ዳቦ በላ» ስንል «ዳቦ» አንዱን ጐዶሎ ያጣፋል፣ «ልጁ» ሁለተኛውን ያጣፋል፤ የሚቀረውም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ስሌቱ ካልተጣፋ ወይም ትርፍ ከቀረ ዐረፍተ ነገሩ አልተሟላም። ይህን ለመሥራት ማስተዋል አያስፈልግም፤ ማጣፋት ብቻ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያም ይችለዋል።

ባር-ሂሌል በዚህ ላይ የጨመሩት ዋና ነገር አቅጣጫን ነው። በኡልፓን ስትማሩ የመጀመሪያው ችግር ይህ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአማርኛ ግሡ በስተመጨረሻ ስለሚመጣ፣ የሚፈልጋቸውን ሁለት ስሞች ከእሱ በፊት ከተነገሩት ይወስዳል። በዕብራይስጥ ግን «ሃዬሌድ አኻል ሌኼም» እንላለን፤ ልጁ፣ በላ፣ ዳቦ በሚል ተራ። እዚህ ግሡ መሐል ቆሞ በዪውን ከበፊቱ፣ የሚበላውን ከበኋላው ይወስዳል። ባር-ሂሌል ለዚህ ሁለት ዓይነት ምልክት ተጠቀሙ፤ አንደኛው ከበፊት፣ ሌላኛው ከበኋላ የሚፈልግ። በዚህ መንገድ ቋንቋዎች ተራቸው ቢለያይም ስሌቱ አንድ ይሆናል። በአማርኛም በዕብራይስጥም መጨረሻ ላይ የሚገኘው ያው ነው፤ ድርጊቱ መብላት፣ በዪው ልጁ፣ የተበላው ዳቦ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡ ሊቃውንት ይህን ስሌት ትርጕም ለማውጣት ተጠቅመውበታል። በ2017 የተወሰኑ ተመራማሪዎች ለብዙ ቋንቋዎች በሚያገለግል አንድ ወጥ የሰዋስው ምልክት ተመርተው፣ የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛና የስፓኝኛ ዐረፍተ ነገሮችን በተመሳሳይ ሕግ መሣሪያ ወደሚረዳው የትርጕም ቀመር ለውጠዋል።

ሣጥኑ የት ነበረ?

ባር-ሂሌል በ1953 ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው በዕብራይስጥ ዩኒቨርስቲ ማስተማር ጀመሩ። በዚያ መካከል በአሜሪካ የሥራው ተስፋ እንደ እሳት ተቀጣጠለ። ጥር 7 ቀን 1954 በኒው ዮርክ አንድ ኮምፒዩተር ከ60 የሚበልጡ የሩሲያኛ ዐረፍተ ነገሮችን ለሕዝብ ፊት ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመ። መሣሪያው የሚያውቃቸው ቃላት 250፣ ሕጎቹም 6 ብቻ ነበሩ፤ ዐረፍተ ነገሮቹም አስቀድመው የተመረጡ ናቸው። ሆኖም ጋዜጦች ወሬውን አራገቡት። የሥራው ባለቤቶችም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ጉዳዩ ያልቃል ብለው ተናገሩ፤ ከመንግሥትም ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ።

በ1958 ባር-ሂሌል የሥራውን ደረጃ መርምረው እንዲያቀርቡ ወደ አሜሪካና ወደ እንግሊዝ ተጓዙ። ሰው ሆኖ የራሱን ሙያ ማሞገስ ቀላል ነው። እሳቸው ግን ያዩትን ጻፉ። በ1960 ታትሞ በወጣው ዘገባቸው፣ ያለ ሰው እርዳታ ጥራቱን የጠበቀ ትርጕም መሥራት ለጊዜው ከመሣሪያ አቅም በላይ መሆኑን ከአንድ ትንሽ ምሳሌ ጋር አስረዱ። የተቀጠሩበትን፣ ስም ያገኙበትን ሥራ ራሳቸው ገደቡን ነገሩት ማለት ነው።

ምሳሌያቸው እንዲህ ነው። አንድ ሕፃን የመጫወቻ ሣጥኑ ጠፍቶበት ይፈልጋል። በመጨረሻ ያገኘዋል፤ ሣጥኑ «ፔን» ውስጥ ነበር። በእንግሊዝኛ «ፔን» ማለት ብዕር ነው፤ እንዲሁም ሕፃናት የሚጫወቱበት አጥር ያለው ስፍራ፣ እዚህ በዕብራይስጥ «ሉል» የምንለው፣ በዚያው ስም ይጠራል። ማንም ሰው ሣጥን ብዕር ውስጥ እንደማይገባ ስለሚያውቅ ወዲያው አጥሩን ያስባል። መሣሪያው ግን ሰዋስውን ሁሉ በትክክል ቢያሰላ እንኳ ሁለቱም ትርጕም እኩል ይጣፋለታል። የሣጥንን መጠንና የብዕርን መጠን የሚነግረው ሰዋስው የለም፤ ይህ የሚታወቀው በዓለም ላይ ከመኖር ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «ገና አልደረሰም» ተብሎ ቢጻፍ፣ የምንጠብቀው ሰው እስካሁን አልመጣም ማለት ነው ወይስ የገና በዓል ቀኑ አልደረሰም? ሲነገር ድምፁ ይለየዋል፤ ሲጻፍ ግን ፊደሉ አንድ ነው። ዕብራይስጥም አናባቢ ሳይጻፍለት ሲነበብ እንዲሁ ነው። «ሴፌር» መጽሐፍ፣ «ሳፓር» ፀጉር አስተካካይ፣ «ሳፋር» ቆጠረ፤ ሦስቱም በሦስት ተመሳሳይ ፊደላት ይጻፋሉ። አባቶቻችን ደግሞ ይህንኑ ጥበብ አድርገውት ሰምና ወርቅ አሉት። ሰሙን ቃላቱን የሚያውቅ ሁሉ ያገኘዋል፤ ወርቁን የሚያገኘው ግን ነገሩን፣ ሰውየውንና ዘመኑን የሚያውቅ ነው። የባር-ሂሌል ክርክር በአጭሩ ቢነገር፣ መሣሪያ ሰሙን ያሰላል፣ ወርቁ ግን ያመልጠዋል የሚል ነው።

ሆኖም ሥራው ይቅር አላሉም። ገና በ1951 ጀምሮ የነበራቸው አሳብ፣ መሣሪያው የመጀመሪያውን ረቂቅ ያውጣ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይመልከተውና ያርመው የሚል ነበር። በ1966 የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴም በበኩሉ የመሣሪያ ትርጕም ከሰው ትርጕም ይልቅ የዘገየ፣ ስሕተቱ የበዛና ዋጋውም የናረ መሆኑን ዘግቦ፣ ገንዘቡ ለብዙ ዓመታት ቀነሰ።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ባር-ሂሌል በዕብራይስጥ ዩኒቨርስቲ እስከ ዕለተ ሞታቸው አስተማሩ። በ1961 ከሚኻ ፔርሌስና ከኤሊያሁ ሻሚር ጋር ያወጡት ስለ ሰዋስው ሕጎች የሚያጠና የሒሳብ ሥራ፣ እስከ ዛሬ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ሁሉ ይማሩታል። የራሳቸውን የክፍልፋይ ስሌትም ቢሆን አላመለኩትም፤ በ1960 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር፣ አቅሙ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በማስረጃ አሳይተዋል። በ1964 የዓለም የሎጂክና የሳይንስ ፍልስፍና ሊቃውንት በኢየሩሳሌም ሲሰበሰቡ የጉባኤውን ጽሑፎች ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። መስከረም 25 ቀን 1975 በተወለዱ በ60 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም አረፉ።

ከልጆቻቸው አንዷ ማያ ባር-ሂሌል በዚያው ዩኒቨርስቲ የሥነ ልቡና ፕሮፌሰር ሆነዋል። የልጅ ልጃቸው ጊሊ ባር-ሂሌል ደግሞ፣ ልጆቻችን በዕብራይስጥ የሚያነቧቸውን የሃሪ ፖተር መጻሕፍት የተረጐሙት ናቸው። የትርጕም መሣሪያን ወሰን ያሳዩት ሊቅ የልጅ ልጅ በእጅ የምትሠራ ተርጓሚ መሆኗ የሚያስደስት አጋጣሚ ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ከባር-ሂሌል ሞት በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ሕግ በሕግ አይማሩም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጽሑፎችን አንብበው፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ከልማድ ይይዛሉ። ስለዚህ የሣጥኑንና የብዕሩን ምሳሌ ዛሬ ብዙ ጊዜ በትክክል ይመልሱታል። ይህን እውነት መሸሸግ ለሊቁም አይመጥንም።

ነገር ግን እዚህ ላይ የእኛ ችግር ይመጣል። ከልማድ የሚማር መሣሪያ ብዙ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ጉግል አማርኛን ወደ ትርጕም አገልግሎቱ ያስገባው በየካቲት ወር 2016 ነው። በ2018 በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የቋንቋ ምሁራን እነ ብንያም ኤፍሬምና ባዬ ይማም ከአንድ ጃፓናዊ ባልደረባቸው ጋር፣ ሰዋስዋቸው ቃል በቃል የተፈታ 1,074 የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮችን ለዓለም አበረከቱ። ታላቅ ሥራ ነው። የዕብራይስጡ ተመሳሳይ ስብስብ ግን ከ6,000 በላይ ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ስለዚህ በባር-ሂሌል ዘመን ለሁሉም ቋንቋ የነበረው ጉድለት፣ ዛሬ ለሀብታም ቋንቋዎች ጠብቦ ለእኛ እንደሰፋ ቀርቷል። የዚያች እናት ስልክ የሳተው በዚህ ምክንያት ነው ለማለት ይቻላል።

በመሆኑም ሊቁ ያሉትን እንያዝ፤ መሣሪያው ረቂቁን ያውጣ፣ ሰው ይመልከተው። ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ስለ አውቶቡስ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት ሽርሽር ስልካችን ይበቃል። ደብዳቤው ስለ ሕክምና፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ብድርና ስለ ቤት ኪራይ ውል ከሆነ ግን ሰው ሳያየው አትፈርሙ። ፎቶ ስታነሡ አንድ ቃል ወይም አንድ መሥመር ብቻ አታንሡ፤ ጀርባውንም ጨምሩ፤ የቃሉ ትርጕም የሚታወቀው ከአካባቢው ነውና። የአማርኛው ትርጕም ከምታውቁት ነገር ጋር ካልተገጣጠመ፣ ስልኩን ሳይሆን ጥርጣሬያችሁን እመኑ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ስለሚያዝ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ልጆቻችንንም እናስብላቸው። ያቺ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ደብዳቤውን ይዛ መምጣቷ ያስመሰግናታል፤ ነገር ግን የወንድሟ ቀዶ ሕክምና ጉዳይ በእሷ ትከሻ ላይ መውደቅ አልነበረበትም። ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ወደ ማኅበራችን ኑ። ስልኩ ያወጣውን ትርጕምም አብራችሁ አምጡት፤ ጐን ለጐን አድርገን እናነበዋለን።